ሁለተኛው መልስ

የኔታ ገብረ ክርስቶስን አንድ ነገር ጠይቆ አንድ መልስ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው የለም። የሚያስተምሩት ድጓ ነው፣ ዜማ፤ ወጣትነታቸውን ግን የጨረሱት ትርጓሜ ቤት ነው። ትርጓሜ ቤት ያደገ ሰው ደግሞ አመሉ ይታወቃል፤ አንዱን ፍች ይሰጥና፣ ትንሽ ቆየት ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያመጣል። «አባ፣ ዛሬ ይዘንብ ይሆን?» ቢባሉ እንኳ «ደመናው ከብዷል፣ ይዘንባል» ይሉና፣ ጠያቂው ጃንጥላ ሊያነሣ ሲል «አንድም ነፋሱ ወደ ደምቢያ ይወስደዋል» ይሉታል። ልጃቸው እናትዓለም በዚህ ስትስቅባቸው ነው ያደገችው። የመጀመሪያው መልስ ለጉባኤው፣ ሁለተኛው ግን የገዛ ልባቸው መሆኑን ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። እንግዲህ ይህን እያወቀች ነው ያን ያደረገችው፤ ምን ይባላል?

ነገሩ የጀመረው በሳል ነው። ሳሉ ከረመ። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ የሳንባ ነቀርሳ ተብሎ የኪኒን መዓት ዋጡ፣ በመጨረሻ የሳንባ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ታወቀ ሲባል ልጆቻቸው አወቁ ማለት ነው እንጂ እሳቸውማ ምን ተነገራቸውና። የእናትዓለም ታላቅ ወንድም ክንዱ፣ ዘንዘልማ ላይ ዙሪያዋን ቤት እየተሠራባት ባለች ማሳ ዛሬም ጤፍ የሚዘራው፣ ገና የምታክማቸው ሐኪም ተናግራ ሳትጨርስ ነበር የተቆጣው። ለታመመ ሰው ቁርጡ አይነገርም፣ አባቴን በወሬ አልገድልም አለ። እናትዓለምም ተስማማች። እናታቸው ወለተ ሚካኤል የታመመች ጊዜም የተደረገው ይኸው ነበር። በአካባቢው ሁሉ ወጉ ይኸው ነው፤ በሽተኛው ሳይሰማ ጎረቤቱ ሰምቶ ይጨርሳል።

የደረቱ ሕክምና በመካከል ሳለ ራስ ምታቱ መጣ። ከዚያ ግራ እጃቸው የያዘውን መጣል ጀመረ፤ ጠዋት ኩባያ፣ ከሰዓት መቋሚያ። ባሕር ዳር ላይ የምታክማቸው ዶክተር ርሆቦት የጭንቅላት ፎቶ አስነሥታ አየችና ልጆቹን ብቻቸውን ጠራቻቸው። ካንሰሩ ከሳንባ ተነሥቶ ጭንቅላት ገብቷል፤ አንድ ቦታም አይደለም፣ እዚህም እዚያም ተበትኗል። የኔታ ሳይነስ ነው ተባሉ። እዚህ አገር ራሱን ያመመው ሁሉ ሳይነስ ነው፣ ማን ይጠራጠራል? እሳቸውም አመኑ። ዕድሜ ልካቸውን ሐይቅ ዳር ማሕሌት ቆመው ያደሩበት ብርድ መሆኑን ራሳቸው ለጠያቂው ያስረዱ ነበር።

ርሆቦት ገና ወጣት ናት፤ ትዕግሥቷ የሽማግሌ ነው፣ ስትናገር ግን ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም። የሚያድናቸው ነገር የለም አለቻቸው፣ ይህን መጀመሪያ ስሙልኝ። ጊዜ የሚጨምርላቸው ግን አለ፤ ጨረር ነው፣ የሚሰጠውም አዲስ አበባ ነው። ድሮ ካንሰር ጭንቅላት ከገባ ጨረሩ በጭንቅላቱ ሁሉ ላይ ይለቀቅ ነበር። ይህ ዛሬም አለ፣ ቶሎም ይገኛል፣ እብጠቱን ያስታግሳል፤ ነገር ግን ሰውየው የዛሬውን ነገር ለነገ የሚያኖርባትን ቦታ ያቃጥላታል። በጆሮ ትይዩ፣ በግራና በቀኝ፣ ወደ ውስጥ ገባ ያለች ትንሽ ቦታ ናት። አሁን አዲስ መንገድ መጥቷል። እጢዎቹ ጥቂት ከሆኑ እያንዳንዳቸውን ነጥሎ መምታት ይቻላል። እንደ አባታችሁ የበዙ ከሆኑ ደግሞ ጭንቅላቱን ሁሉ እያከሙ ያችን ቦታ ብቻ ከጨረሩ መከለል ይቻላል፣ አብሮ የሚዋጥ ኪኒንም አለው። ግን ሌላ ረቂቅ ፎቶ ይፈልጋል፣ ልክ የሚያወጡለት ባለሙያዎች ይፈልጋል፣ ወረፋውም ረጅም ነው። እስከዚያ የእብጠቱ ኪኒን ሊይዛቸው ይችላል፣ ላይዛቸውም ይችላል።

«ቶሎ ካደረግነው ይቆያሉ፣ ግን እንደ ድሯቸው ላይሆኑ ይችላሉ» አለች። «ከጠበቅን ራሳቸውን እንደሆኑ ሊቆዩ ይችላሉ፣ ወይም በመጠበቅ ላይ ሳሉ እናጣቸዋለን። ይህን እኔም እናንተም መምረጥ አንችልም። ሕመማቸው ተነግሯቸው ራሳቸው ይምረጡ።»

ክንዱ ይህን ሲሰማ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። እናትዓለም ቀረች፤ እጠይቃቸዋለሁ ብላ ቃል ሰጠች።

አሁን ምርጫው ምን እንደሆነ የማይገባው ካለ ገድሉ የሚባለውን ተማሪያቸውን ማወቅ አለበት። ገድሉ ጢሙ ሙሉ የሆነ፣ ከቆላ ድባ በእግሩ መጥቶ በየኔታ ደጅ ያረጀ ዲያቆን ነው። የኔታ ዜማውን የተቀበሉት ደሴት ላይ ከነበሩ መምህራቸው ነው፤ ምልክቱ ብራና ላይ አለ፣ አወጣጡ ግን ብራና ላይ የለም፣ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። እነዚያ መምህር ሞተዋል፤ አብረዋቸው የተማሩትም አልቀዋል። ገድሉ ደግሞ ለማስመስከር፣ ተፈትኖ መምህር ለመሆን፣ የቀረው ጥቂት ነው። ጠዋት ጠዋት ከደብሩ ጀርባ ባለችው ጎጆ ደጃፍ፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ይቀመጣሉ፤ እሱ መጽሐፉን ዘርግቶ ያዜማል፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ሲስት በጣታቸው ጉልበታቸውን መታ ያደርጋሉ። ትናንት የት እንዳቆመ የሚያመለክት ክር መጽሐፉ ውስጥ የለም። የኔታ ያውቁታላ! የአንዱን ተማሪ ከሌላው ሳያምታቱ፣ የሁሉንም የትናንት ማቆሚያ በልባቸው ይዘው ነው የሚያድሩት። ሥራቸው ይኸው ነው።

እናትዓለም ይህን ሁሉ ታውቃለች። ጎጆዋ አጠገብ ባለችው ክፍል የልብስ ስፌት መኪናዋን እየነዳች፣ ዜማው ሲቆምና ሲቀጥል እየሰማች ነው ቀኑን የምትገፋው። ባሏን ፈትታ ከተመለሰች ወዲህ ቤት ውስጥ ከእሳቸው በቀር የሚያስነጥስ ሰው የላትም። እና ፈራች። መፍራቷን እንዴት ብለን እንፈርድባታለን? ፈራች፣ አለቀ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ደጃፉ ወጣች። ሐይቁ ጸጥ ብሏል፤ እንጨት የጫነ ታንኳ ከደሴቶቹ በኩል ቀስ እያለ ይመጣል። ገድሉ መጽሐፉን ወደ ማኅደሩ ይመልሳል። አጠገባቸው ተቀመጠች፣ ቃሏንም ልትጠብቅ አፏን ከፈተች፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«አባ፣ አንድ ሰው ከዕድሜና ከዕውቀት አንዱን ምረጥ ቢባል የቱን ይምረጥ?»

የኔታ ፊታቸው በራ። ልጃቸው እንዲህ ያለ የጉባኤ ጥያቄ ስትጠይቃቸው ስንት ዘመኑ! የገዛ ራሳቸው ነገር መሆኑን በምን ይወቁት? ተደላድለው ተቀመጡ።

«ዕድሜን ነዋ» አሉ። «ዕድሜ ያለው የጠፋበትን መልሶ ይማራል፣ የበደለውን ይክሳል። የሞተ ሰው ምን ያውቃል ልጄ?»

ልቧ እፎይ አለ። ብድግ አለች። ከኋላዋ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማች። «አንድም…» ሲሉ ሰማች። ጆሮዋ ደህና ነው፣ ጥርት አድርጋ ነው የሰማችው። ስልክ እየጠራብኝ ነው አባ፣ መጣሁ ብላ ወደ ቤት ገባች። ስልኩ አልጠራም። ራሷ ደወለችና ለርሆቦት ጠይቄያቸዋለሁ፣ ዕድሜን መርጠዋል አለቻት። ሕመማቸውን ነግረሻቸው ነው ወይ ብትላት አዎ አለች። በዚያ ቀን ወደ ደጃፉ ተመልሳ አልወጣችም።

መንገዱ አያስተማምንምና በአውሮፕላን ሄዱ። አዲስ አበባ የአክስታቸው ልጅ ቤት አረፉ፤ ቶሎ የሚገኘው ጨረርም ተጀመረላቸው። የኔታ በሞቀ ውኃ ለስልሶ በፊታቸው ልክ የተቀረጸውን ወንፊት የመሰለ የፕላስቲክ ጭንብል አጥልቀው፣ ከነጭንብሉ ከጠረጴዛው ጋር ተቆልፈው፣ ለብቻቸው በጨረሩ ክፍል ይተኛሉ፤ በልባቸው ዳዊት እየደገሙ ነበር አሉ። ለሳይነስ ይህን ያህል ጣጣ አይቼ አላውቅም ብለው አንድ ጊዜ ቀልደዋል። እናትዓለም ሳቀችላቸው፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ሲመለሱ ፀጉራቸው ረግፏል፣ ሌላው ግን ሁሉ ደህና ነበር። ራስ ምታቱ ለቀቃቸው። ግራ እጃቸው ኩባያ ያዘ። ክንዱ ከዘንዘልማ በግ በባጃጅ ጭኖ መጣ፤ ሰው ሁሉ ተአምር ነው አለ፤ ክንዱም እህቱን በዓይኑ፣ አላልሁሽም ወይ የሚል ዓይነት አስተያየት አያት። እሷም እውነት መስሏት ነበር። ለጥቂት ጊዜ ደስ ብሏት ስፌቷን ሰፋች፣ የሠርግ ቀሚስ ሳይቀር ተቀበለች።

ነገሩን መጀመሪያ ያወቀችው በጆሮዋ ነው። መኪናዋን እየነዳች ሳለ ገድሉ የሚያዜመው የትናንቱን መሆኑን ልብ አለች። በማግስቱም ያው። በሦስተኛው ቀንም ያው። ሊከልስ ይሆናል አለች። ሳምንቱን ሙሉ ያው ሲሆን መርፌውን አቁማ ሰማች፤ የኔታ እንደ ወትሮው ጣታቸውን መታ አድርገው ያርሙታል፣ እርማታቸው አንዲት አትስትም፣ የድሮው ዜማ ከነለዛው አለ። የጠፋው የትናንቱ ነው። ገድሉ የት እንዳቆመ አያውቁም። ስለዚህ በየማለዳው ከዚያው ገጽ ያስጀምሩታል፤ እሱም ነውር ነውና የኔታ ይህንማ ጨርሼዋለሁ አይልም፣ እንደ አዲስ ያዜምላቸዋል። አንድ ጊዜ ደፍሮ የሚቀጥለውን ገጽ ከፍቶ ነበር። መካከል ላይ ሲደርሱ የኔታ ዓይናቸውን ከፈቱ፣ ፊቱን ትክ ብለው አዩና ማን እንዳስጀመረው ጠየቁት፤ አልሰማሁህም፣ ከመጀመሪያው በል አሉት።

እናትዓለም ገድሉን ሐይቁ ዳር፣ ልብስ ከሚያሰጡበት ድንጋይ አጠገብ አገኘችው። ድካም ነው፣ እየዋለ እያደረ ይሻላቸዋል አለችው። ገድሉ ያን ጥያቄ ጠይቃ ወደ ቤት የገባች ቀን የኔታ ንግግራቸውን ለእሱ እንደጨረሱለት ነገራት። «አንድም» ብለው ነበር፤ ዕውቀቱ አደራ የሆነ እንደሆነ፣ አደራውን ሳያስረክብ ከሚረዝም ዕድሜ አስረክቦ የሚያጥረው ይበልጣል፣ እኔ ብሆን የምመርጠው ይህን ነው ብለው ነበር።

«ከዚያ ምን አሉ?» አለችው።

«ጥያቄው ስለ እኔ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ተመልሳ ስትወጣ ይህኛውን እነግራታለሁ አሉ። እስኪመሽ ደጃፍ ላይ ጠበቁሽ።»

እናትዓለም ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።

ርሆቦት ጋ ሄዳ ዋሽቼሻለሁ፣ አልነገርኋቸውም አለቻት። ሐኪሟ አልጮኸችባትም፤ ብትጮኽባት ይሻላት ነበር። ራሴ ልጠይቃቸው ሲገባኝ አንቺን ማመኔ የእኔም ጥፋት ነው አለች። የጠፋው ይመለስ እንደሆን ስትጠይቃት የተቃጠለው እንደማይመለስ ነገረቻት። አዲስ የተነሣውን ፎቶም አሳየቻት፤ አንዳንዱ እጢ ኮሰስ ብሏል፣ ሁለቱ ግን ከወዲሁ እንደገና ማደግ ጀምረዋል። ከእንግዲህ በወራት የሚቆጠር ነው፣ ብዙም ወራት አይደለም።

ያን ጊዜ ወሰነች፤ ካሁን በኋላ አልዋሻቸውም። ክንዱ አብደሻል አላት፣ ሊያስቆማትም ሞከረ። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥታው፣ ሁለታችንም ደብቀን ያተረፍንላቸውን አይተናል፣ ዝም በል አለችው። በማግስቱ ማለዳ ገድሉ ከመምጣቱ በፊት ደጃፉ ላይ ከፊታቸው ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሳይነስ አለመሆኑን፣ ስሙን፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ መድኃኒት እንደሌለው።

የኔታ እስኪበቃት ሰሟት። አላለቀሱም። አማተቡና ትንፋሻቸውን ለቀቁ፤ እንዲያውም ከትከሻቸው ሸክም የወረደ መሰለ። እጇን ያዙ።

«ደግ አደረግሽ ነገርሽኝ ልጄ» አሉ። «እንግዲያውስ ለሐኪሟ ንገሪልኝ፤ ጭንቅላቴን አይንኩት። ዕድሜ አልለምንም፣ በቃኝ። ያለችኝን ቀን ለገድሉ ልጨርስለት።»

«አባ» አለች፣ «ነክተውታል።»

እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄደ። ፀጉሩ የረገፈውን ራሳቸውን ገና ዛሬ ያገኙት ይመስል ዳሰሱት።

«ማን ፈቀደ?»

«እኔ።»

«ሳትጠይቂኝ?»

ያን ጊዜ አለቀሱ። እናቷ የሞተች ቀን እንኳ እንዲያ ሲያለቅሱ አላየቻቸውም። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው፣ ድምፅ ሳያወጡ አለቀሱ፤ እሷም ጉልበታቸውን አቅፋ አብራ አለቀሰች። ቢሆንም፣ የመጣው ይምጣ፣ አወቁት አለች በልቧ። ይርገሙኝ፣ ይጥሉኝ፣ ግን አወቁት።

ምሳ ስታቀርብ፣ እናትዓለም፣ ይህ ሳይነስ እኮ ጨርሶ ለቀቀኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አሏት። ፊታቸው ላይ የጠዋቱ ነገር አንዲት ምልክት አልነበረችም።

በማግስቱ እንደገና ነገረቻቸው። ቢደጋገም ይይዝ ይሆናል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። እንደገና ሰሙ፣ እንደገና አማተቡ፣ ደግ አደረግሽ አሉ፣ ለሐኪሟ ንገሪልኝ አሉ፤ እንደገና እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄደ፣ እንደገና ማን ፈቀደ አሉ፣ እንደገና አለቀሱ። ቃሉ እንኳ አይለወጥም። ከዚያ ወዲያም ያው። ያኔ በዕድሜያቸው አንድ ቀን ሊሰሙት የሚገባቸውን መርዶ ነፈገቻቸው፤ አሁን በየማለዳው አዲስ አድርጋ ታረዳቸዋለች፣ በየማለዳውም ልጃቸው ትከዳቸዋለች፣ በየቀትሩም ይረሱታል። የማትረሳው እሷ ናት። ክንዱ አንድ ቀን ደርሶ አየና ጀርባውን ሰጥቶ አለቀሰ፤ ሲሄድም ደህና ዋዪ አላላትም።

ግራ እጃቸው ደግሞ መድከም ጀምሯል። ኩባያውን አሁን በሁለት እጃቸው ነው የሚይዙት።

አንድ ማለዳ፣ ገድሉ ቀደም ብሎ መጥቶ ማኅደሩን ይዞ ከወዲያ ቆሟል፣ እናትዓለም እንደ ልማዷ ተንበረከከች። ሳይነስ አይደለም አባ አለች። ስሙን ነገረቻቸው፣ መድኃኒት እንደሌለውም ነገረቻቸው። አማተቡ፣ ትንፋሻቸውን ለቀቁ፣ እጇን ያዙ።

«ደግ አደረግሽ ነገርሽኝ ልጄ። እንግዲያውስ ለሐኪሟ ንገሪልኝ፤ ጭንቅላቴን አይንኩት።»

ዓይናቸውን አየችው። ጥርት ያለ ነበር፣ የመረጠ ሰው ዓይን ነበር። ቀኝ እጃቸው ገና እጇ ላይ ነው፣ ወደ ራሳቸው አልሄደም።

«እሺ አባ» አለች፣ «እነግራታለሁ።»

«ተባረኪ» አሉ። ፊታቸውን ወደ ገድሉ አዞሩ፤ ለብዙ ጊዜ ያልታየ ችኮላ ድምፃቸው ውስጥ ነበር። «ና ልጄ፣ ቀረብ በል፣ ጊዜ የለንም። ከመጀመሪያው በል።»

ገድሉ እናትዓለምን አያት። ከዚያ ተቀመጠና ያንኑ ገጽ ገለጠ።